«አባታችን» ስንል እነማንን ነው?

ባለፈው ሰሞን በጠዋት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያን በር ስናልፍ እንደተለመደው ግማሹ ተሳፋሪ አማተበ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎልማሳ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ ረዳቱ መልስ አጎደለባቸው። ከዚያው አፍ የወጣው ስድብ ከመልሱ አልፎ የልጁን ብሔር ነካ። ማንም አልተናገረም። እኔም ጸልዬ የወጣሁት ሰው ዝም አልኩ።

ሰውየውን ለመኮነን አይደለም የምጽፈው። ያን ቀን ሙሉ ስጠይቅ የዋልኩት ራሴን ነው፦ ለመሆኑ የምንጸልየው ለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ጸሎትን ማመልከቻ አድርገነዋል። ሥራ፣ ቪዛ፣ ጤና፣ ትዳር፣ የልጅ ፈተና እንዘረዝራለን። መለመን ነውር የለውም፤ ለምኑ ያለን ራሱ ክርስቶስ ነው። ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጸሎት ሲያስተምር አስቀድሞ የነገረን፣ የሚያስፈልገንን አብ ሳንለምነው እንደሚያውቅ ነው። እንግዲያው ጸሎት ለእግዚአብሔር የማያውቀውን አይነግረውም። በጸሎት መለወጥ ያለበት የሚጸልየው ሰው ነው።

ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም በቃሉ የሚያውቀውን ጸሎት እስቲ ልብ በሉት። በዚያው ምዕራፍ በርህን ዘግተህ በስውር ጸልይ ተብለናል። ሆኖም በሩን ዘግቶ ብቻውን የቆመው ሰው የሚሰጠው ጸሎት «እኔ» የሚል ቃል የለበትም። አባቱ የጋራ ነው፤ እንጀራውም፣ በደሉም፣ ፈተናውም የጋራ ነው። በዚያ ሁሉ ልመና መካከል እኛ የምናደርገውን የምንናገርበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የበደሉንን ይቅር ማለት። ክርስቶስም ጸሎቱን አስተምሮ እንደጨረሰ ተመልሶ ያጸናው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሀገር በተጨነቀች ቁጥር ምህላ ይታወጃል፤ «ስለ ኢትዮጵያ ጸልዩ» የሚል መልእክት ከስልክ ስልክ ይዞራል። ከሥሩ «አሜን» ይደረደራል። እነዚያው ጣቶች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ቻናል ገብተው፣ የአንድን ሕዝብ መከራ እያዩ «ይበላቸው!» ብለው ይጽፋሉ። ጠዋት «አባታችን» ስንል እነዚያን ሰዎች ጭምር ወንድሞቻችን እንዳደረግናቸው አላስተዋልንም።

«ጸሎቱን ተወውና ሥራ፤ ሀገር የምትድነው በሥራ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ለእነሱ ነህምያን አስታውሳቸዋለሁ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ሲጸልይም የሌሎችን ጥፋት አልቆጠረም፤ በድለናል ብሎ ራሱንና የአባቱን ቤት ጨምሮ ተናዘዘ። ከዚያ ተነሥቶ ከንጉሡ ፈቃድ፣ ደብዳቤና እንጨት ጠየቀ። ጠላት ሲዝትም ጸለየ፤ ጸልዮም ዘብ አቆመ። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ራሱን ከጥፋተኞቹ ጋር የቆጠረ ሰው ነው ተለያይቶ የነበረውን ሕዝብ ጎን ለጎን አቁሞ ያሠራው።

ስለዚህ የጸሎታችን ፍሬ የሚታወቀው «አሜን» ካልን በኋላ ባለው ሰዓት ነው፤ በታክሲው፣ በቢሮው፣ በስልኩ ላይ። ዛሬ ማታ ስንጸልይ «አባታችን» ካልን በኋላ ትንሽ ቆም እንበል። በዚያ ቃል ውስጥ እንዲገባ የማንፈልገውን አንድ ሰው፣ አንድ ወገን በልባችን እንጥራ። ቀጣዩን ቃል ለመናገር አንደበታችን ከተያዘ፣ ጸሎቱ ገና አሁን ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ለዚያ ረዳት ልጅ አንዲት ቃል አለመናገሬ ነው። ያን ጠዋት «አባታችን» ብዬ ስወጣ እሱንም ጨምሬ ነበር።

ቸር እንሰንብት።