ፒክ አፕ ለሥራ ነው፤ ለዳቦ ግዢ አይደለም!

ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ገጠር ለሚመላለስ ነጋዴ፣ ሲሚንቶና ብረት ለሚጭን ግንበኛ ፒክ አፕ እንጀራው ነው። እሱን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ካሶኒው ባዶ ሆኖ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና ዳቦ ለመግዛት ብቻ የሚነዳውን ጉልበተኛ መኪና ነው።

እስቲ እንመዝነው! የ2017 እ.ኤ.አ. ሞዴል ባለ አራት በር ፎርድ ራፕተር 450 የፈረስ ጉልበት አለው። ርዝመቱ 5.9፣ ወርዱ መስተዋቱ ሳይቆጠር 2.2 ሜትር ያህል ነው። 702 ፈረስ ያለው ራም ቲአርኤክስ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠጣል። አንድ እንጀራ ለመጋገር ሙሉ ሸክም እንጨት ማንደድ ማለት ይኸው ነው።

የሠፈራችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ በብዙ ቦታ አራት ሜትር አይሞላም። ራፕተር ዳር ይዞ ሲቆም የሚተርፈው 1.8 ሜትር እንኳ አይደርስም። ታዲያ ምጥ የያዛትን እህታችንን የሚወስደው አምቡላንስ በየት ይለፍ?

ልጆቻችንስ? የአሜሪካ የሀይዌይ ደኅንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ፣ ኮፈናቸው ከ76 ሳንቲ ሜትር ከማይበልጥና ተዳፋት ከሆኑት ይልቅ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል ይበልጣል።

«መንገዱ ጉድጓድ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ግን ጉድጓድ ለመሻገር ከፍታ እንጂ 450 ፈረስ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ባለመኪኖች፣ ጭነት ከሌለ ፒክ አፑ ግቢ ይደር፤ ዳቦውን በእግር እንግዛ። መኪናው የግል ቢሆንም መንገዱ የጋራ ነው!