ትርፍ ተብለን የምንጫነው እኛ

"ባሱ ተሸጠ፣ ጂፕ ገባ" የሚለው ወሬ ጁበይሃ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንሠራበት ቤት ደርሷል። እዚህ ባስ የሚሉት በሩ እየተንሸራተተ የሚከፈተውን የቤተሰብ መኪና ነው፤ ኤች ዋኑን፣ ስታሪያውን፣ ካርኒቫሉን። ጂፕ የሚሉት ደግሞ ቁመቱ ከፍ ያለውን ሁሉ ነው፤ ታሆ ይሁን ዩኮን፣ ፓትሮል ይሁን እኛ አገር ቪ8 የምንለው ላንድክሩዘር። ወሬውን ለጓደኛ የምንነግረው ደስ ብሎን ነው። "መኪና ቀየርን" እንላለን። ቀየርን! ከጎኑ ቆመን ፎቶ እንነሳለን፣ አገር ቤት እንልካለን፣ እናት ለጎረቤት ታሳያለች፣ ወንድም በማግስቱ ደውሎ የባጃጅ ብር ይጠይቃል።

ይህን ደስታ ላደፈርስ ነው የተነሳሁት። ቤቱ መኪና ሲቀይር ማንም ሳይጠይቀን አብረው የሚቀየሩብን ነገሮች አሉ፤ የምንቀመጥበት ቦታ፣ የምናስረው ቀበቶ፣ የምንተኛበት ሰዓት። "የሰው መኪና ምን አገባኝ" የምትይ እህቴ፣ ያገባሻል። ውስጡ የምትቀመጪውም፣ ውጭውን የምታጥቢውም አንቺ ነሽ።

እስቲ ከመቀመጫው እንጀምር። የባሱ ወለል ዝቅ ያለና ሜዳ ነው። በብዙዎቹ መካከለኛው ረድፍ ላይ መተላለፊያ አለ፤ ጎንበስ ብለሽ ወደ ኋላ ታልፊያለሽ፣ እንደ ሰው ትቀመጫለሽ፣ እግርሽም ወለል ላይ በቅጡ ያርፋል። ከጀርባሽ ለሻንጣና ለሕፃን ጋሪ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። እነዚህ ታላላቅ ጂፖች ግን እንደ ጭነት መኪና በሻንሲ ላይ የተሠሩ ናቸው። ወለሉ ሻንሲውንና የኋላውን አክስል አልፎ መቀመጥ ስላለበት ከፍ ይላል። ወለሉ ከፍ ሲል የመጨረሻው ወንበር መሬት ላይ የተነጠፈ ያህል ይሆናል፤ ጉልበትሽ አገጭሽን ሊነካ ይደርሳል። በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብለሽ ሽንኩርት ስትልጪ አስቢው፤ አራት ሰዓት ሙሉ፣ እስከ አቀባ።

ሁሉም ጂፕ አንድ ነው አልልም። ታሆና ዩኮን ከ2021 ሞዴል ጀምሮ የኋላ አሠራራቸው ስለተለወጠ ሦስተኛው ረድፍ የእግር ቦታ አግኝቷል። ከዚያ በፊት የተሠራው ግን ከውጭ ሲያዩት ቤት ያክላል፣ ከኋላ ሲገቡበት ቁም ሣጥን ነው።

ከዚህ የባሰው የዕቃው ነገር ነው። በጂፑ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከጀርባው የሚተርፈው ቦታ ሁለት ሦስት የገበያ ከረጢት ቢይዝ ነው። ታዲያ ቤተሰቡ ጁምዓ ወደ አጅሉን ወይም ወደ ሙት ባሕር ሲወጣ የበረዶ ሳጥኑ፣ የሥጋ መጥበሻው፣ ከሰሉ፣ አርጊላው የት ይግባ? ወንበር ይታጠፋል። የማን ወንበር? የባባ አይታጠፍም፤ የልጆቹም አይታጠፍም። እስከ 2021 ድረስ ሲሠራ የቆየው ላንድክሩዘር 200 የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ወደ ሁለቱ መስኮቶች ተሰቅሎ ይንጠለጠላል፤ አንደኛው ተሰቅሎ ከጎኑ ዕቃ ሲደረደር፣ አንቺ በሌላው ላይ ቴርሞሱን ታቅፈሽ ትቀመጫለሽ። ይኼ እንኳ ደግ ቀን ነው። በክፉ ቀን ሁለቱም ይታጠፉና "አንቺ ከዕቃው ጋር ሁኚ" ትባያለሽ።

አዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈረች ሁሉ "ትርፍ" ምን እንደሆነ ታውቃለች። መኪናው ከሞላ በኋላ የሚጨመረው ሰው ነው። ረዳቱ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ "ዝቅ በሉ!" ይላል፤ ሒሳብ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው አንገቱን ቀብሮ ይደበቃል። እዚያ እንኳ ትርፍ የሆነው ተሳፋሪ ይሳደባል፣ "ወራጅ አለ" ብሎ ይወርዳል። እዚህ ከዕቃው ጋር የተጫነችው እህታችን ግን ወራጅ ማለት አትችልም። ብትል እንኳ የምትወጣበት በር የላትም፤ ሦስተኛው ረድፍ የራሱ በር ስለሌለው መካከለኛው ወንበር ካልታጠፈ አይወጣም። መካከለኛው ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ከታሰረበት ደግሞ እሱን ማጠፉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መኪናው ቢገለበጥ ወይም እሳት ቢነሳ መጨረሻ የምትወጣው እሷ ናት። ይህን ሁሉ የምታውቀዋ ማዳም አይደለችም፤ እሷ ከኋላ ተቀምጣ አታውቅም።

ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ደግሞ ቀበቶ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለን ሰው የመሞት አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል ይላል። ያ ግማሽ ለእኛም የተሰላ ነው መቼም።

ብዙዎቻችን በፍቅር የምናደርገው ሌላ ነገር አለ፤ ሕፃኑን ጭናችን ላይ ማቀፍ። ባሱ ውስጥ ለእሱ የሚሆን ቦታ ነበር። ጂፑ ውስጥ ቦታ ሲጠብ ሕፃኑ ወደ አንቺ ይመጣል፤ አንቺ ጋ አያለቅስም፣ አንቺ ጋ ይተኛል። እንግዲህ ሒሳቡን ስሚ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ክንድሽን የሚጎትተው እንደ 200 ኪሎ ሆኖ ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ! ሁለት ኩንታል በክንዷ ይዛ የምታስቀር ሴት ካለች ትምጣና ታሳየን። ሕፃኑ ከእጅሽ ያመልጣል፤ ቀበቶ ካላሰርሽ ደግሞ አንቺ በሙሉ ክብደትሽ ከኋላው ሄደሽ ትደፈጥጪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚጠየቅ እኔ መናገር የለብኝም።

አንዳንዷ "ጂፕ እኮ ከባድ ነው፣ ቢጋጭም አይጎዳም" ትለኛለች። ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ ውስጥ ያሉትን ክብደቱ ሊያተርፋቸው ይችላል፣ እውነት ነው። በቀበቶ የታሰሩትን ማለቴ ነው። ውጭ ያለውስ? ውጭ ያለነውም እኛ ነን። የጁበይሃን የእግረኛ መንገድ ታውቁታላችሁ፤ መሐሉ ላይ ዛፍ ተተክሎበታል፣ ወይ መኪና ወጥቶበታል፤ ስለዚህ ቆሻሻ ለመጣል ስንወጣ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ባስ ስናደርስ፣ ከዱካን ዳቦ ስንገዛ፣ አስፋልት ላይ ነው የምንሄደው። አሜሪካ ውስጥ የመኪና አደጋ የሚያጠና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የኮፈናቸው ከፍታ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መኪናዎች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ኮፈናቸው ዝቅና ወደፊት ዘመም ካለው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ምክንያቱ ለማንም ይገባል። ዝቅ ያለው መኪና እግርሽን መትቶ ኮፈኑ ላይ ይጥልሻል፤ ከፍ ያለው ደረትሽን ይመታሻል። ሕፃን ከሆነ ጭንቅላቱን ነው። ሹፌሩ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ከኮፈኑ ሥር የቆመ ልጅ አይታየውም። ግቢ ውስጥ ልጅ ይዘሽ ስትጠብቂ ከመኪናው ፊት አትቁሚ፤ በጎን በኩል፣ ሹፌሩ ሊያይሽ በሚችልበት ቁሚ። የፓሪስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ድምፅ ሰጥተው ከውጭ ለሚመጡ ከባድ መኪናዎች የማቆሚያ ዋጋ ሦስት እጥፍ አስደርገዋል። እኛ እዚህ ድምፅ የለንም፤ ግን መቆሚያችንን መምረጥ እንችላለን።

አሁን ወደ እጥበቱ ልምጣ፤ እኔን እውነቱን ለመናገር ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው። እዚህ አማን ውስጥ የመንደር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ሞልተን ሳምንቱን በቁጠባ እንኖራለን። ዮርዳኖስ ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ውሃ ከ100 ሜትር ኩብ በታች የሆነ አገር ነው፤ 500 ሲደርስ እንኳ ከባድ የውሃ ችግር ነው የሚባለው። ፀጉራችንን ስንታጠብ "ውሃው!" የሚል ጩኸት ከበር ይሰማል። ለጂፑ ግን ውሃ አለ። ባሱን በባልዲና በጨርቅ መሬት ላይ ቆመሽ ታዳርሽው ነበር። የጂፑን ጣሪያ ግን መሬት ላይ ቆማ የምትደርስ ሐበሻ የት አለች? በረንዳ ላይ ያለው የላስቲክ ወንበር ይመጣል። ጠዋት በጨለማ፣ በክረምት ብርድ፣ እርጥብ ሰድር ላይ በቆመ የላስቲክ ወንበር ላይ ወጥተሽ የሰው መኪና ጣሪያ ትጠርጊያለሽ። ብትወድቂ ወገብሽ ነው፤ በወገብሽ ደግሞ ነው እንጀራሽን የምትበዪው።

ይህ ሥራ ደግሞ ባለቤት አለው። በብዙው ሕንፃ ሐሪሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግብፃዊ ወንድማችን፣ የነዋሪውን መኪና በወር ክፍያ ያጥባል። ቤቱ ትልቅ መኪና ሲገዛ ለሐሪሱ ከመጨመር አንቺን ማስነሳት ይረክሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሐሪሱም ገቢውን ስለነጠቅሽው ያኮርፍሻል። ሁለት ድሆች አኳርፎ በነፃ የሚያብረቀርቅ መኪና!

ስለ ሰዓቱ ሕጉ ግልጽ ነው። የዮርዳኖስ የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ተሻሽሎ የቤት ሠራተኛን አካቷል። በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 90 የሥራ ሰዓቱን 10 አድርጎት ነበር፤ በ2011 ሲሻሻል በቀን 8 ሰዓት ሆኗል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትም ደንቡ ላይ አለ። "ወረቀት ላይ ያለ ነገር" ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። እኔም ስቄ አውቃለሁ። ግን ማጠቡ ከንጋት በፊት ሲጨመር ከስምንቱ ሰዓት ላይ መቆጠር እንዳለበት እኛ ራሳችን ካላወቅን ማን ይቆጥርልናል?

ዕረፍት ካልን አይቀር የጁምዓው ጉዞ ራሱ ይነሳ። ጂፕ ከተገዛ ወዲህ ጉዞው በዝቷል፤ መኪናው ተራራ ይወጣል፣ አሸዋ ይገባል፣ ባለቤቱም ሊያሳየው ይፈልጋል። ማዳምም "ይኸው ጁምዓ ጁምዓ ትዝናኛለሽ፣ ሌላ ዕረፍት ምን ያደርግልሻል?" ትላለች። ከሰል አንድጄ፣ ሕፃን አጥቤ፣ ሳህን ሰብስቤ፣ ትውከት ጠርጌ ተዝናናሁ ማለት ነው! እህቶቼ፣ እሱ ዕረፍት አይደለም፤ አየር የተቀየረበት ሥራ ነው። ዕረፍት ማለት እዚሁ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ በ2021 ሥራ የጀመረውን ፈጣን አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የራስን ወንበር መርጦ፣ ማንንም ሳያቅፉ ጓደኛ ጋ ሄዶ ቡና መጠጣት ነው።

"የእኔ ማዳም ጥሩ ናት፣ እንዲህ ብላት ታዝንብኛለች" የሚል ደብዳቤ ለዚህች መጽሔት እንደሚመጣ ይታወቀኛል። ጥሩ ከሆነችማ መልካም፤ ለጥሩ ሰው መናገር ይቀላል። ክፉ የሆነችባትን እህት ነው እኔ የምፈራላት። ለእሷ ብልሃቱ በሕፃኑ በኩል መግባት ነው፦ "ማዳም፣ ልጁ ጭኔ ላይ አይሁን፣ የራሱ ወንበር ይታሰርለት።" ይህን እምቢ የምትል እናት ጥቂት ናት። እርግጥ ነው፣ የራስን ሕይወት በሰው ልጅ ስም መለመን ያንገፈግፋል። እኔንም ያንገፈግፈኛል። ግን በዚያ በር ግቢና ውስጥ ከገባሽ በኋላ የራስሽን ጨምሪበት፦ "ወይን ሒዛሚ?" የእኔ ቀበቶ የት አለ ማለት ነው። ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ፣ ባባም በሚሰማበት። ለማጠቡም እንዲሁ ነው፤ "ጣሪያው አይደርሰኝም፣ ልወድቅ ነው፣ ሐሪሱ ይጠበው" በይ።

ይህን የምትጠይቂው ጁምዓ ጠዋት ሁሉም ተሳፍሮ ሞተር ከተነሳ በኋላ አይሁን። መኪናው በገባ ሰሞን፣ ለጽዳት ቁልፉ እጅሽ ሲገባ፣ ወደ ኋላ ግቢና ተቀመጪበት። መካከለኛው ወንበር በየትኛው እጀታ እንደሚታጠፍ ከኋላ ሆነሽ ሞክሪው። ቀበቶውን ጎትተሽ እስኪ "ቀጭ" ይል እንደሆነ አድምጪ። ብዙ ጊዜ የወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሮ ነው የሚገኘው፤ እጅሽን ከትተሽ አውጪው።