የሐሰት ክስ ዕዳው የማን ነው?

ሰው በፖሊስ ተይዞ ሲሄድ ያየ ሰፈር ፍርድ ቤቱን አይጠብቅም። ጠዋት «ምን አድርጎ ይሆን?» ተብሎ የተጀመረው ወሬ ማታ ላይ «እንዲህ አድርጎ ነው» ይሆናል። ሰንበት ሲል ደግሞ «እኔማ ድሮም ሁኔታው አያምረኝም ነበር» የሚል አይጠፋም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በመሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። «ባያደርግማ አይከሰስም ነበር» የምትለው አነጋገር ከአንቀጹ ይልቅ በመካከላችን ትደመጣለች። አውቆ የሚዋሽ ከሳሽ ጉልበት የሚያገኘውም ከዚህችው አነጋገር ነው፤ ክሱን እሱ ይጀምረዋል፣ የቀረውን እኛ እንጨርስለታለን።

ስለዚህ ጉዳይ ባሰብሁ ቁጥር የምመለስበት አንድ ታሪክ አለ። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2002፣ ቦታው በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢች ከተማ ነው። ብራያን ባንክስ የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። በአሜሪካ ፉትቦል ችሎታው ስለታወቀ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊወስደው፣ እሱም ሊሄድ ተነጋግረው ነበር። በዚያ በጋ አንዲት የትምህርት ቤቱ ተማሪ «አፍኖ ወስዶ ደፈረኝ» ብላ ከሰሰችው። ልጁ እንደ አዋቂ ሰው እንዲዳኝ ተደረገ፤ ተከራክሮ ቢሸነፍ የሚጠብቀው 41 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ እስራት ነበር።

እሱ እንደሚናገረው ጠበቃው የመከረችው በማስረጃ ላይ ተመሥርታ አልነበረም። ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች ከፊታቸው የሚያዩት ግዙፍ ጥቁር ወጣት ነው፤ እንዳዩህም ጥፋተኛ ነህ ብለው ይደመድማሉ አለችው። እናቱን ሳያማክር በደቂቃዎች ውስጥ እንዲወስን ተጠየቀ። ልጁ ክሱን አልከራከርም ብሎ ተስማማ። ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ አምስት ዓመት ከሁለት ወር ታስሮ ወጣ። መውጣቱም መውጣት አልሆነለትም። ስሙ በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ሰፍሯል፣ እግሩ ላይ የመከታተያ መሣሪያ ተገጥሟል፣ ሥራ በጠየቀ ቁጥር መዝገቡ ቀድሞት ይደርሳል።

በ2011 ከሳሿ ራሷ በፌስቡክ የጓደኝነት ጥያቄ ላከችለት። በአንድ የግል መርማሪ ቢሮ ተገናኙ፤ እየተቀረጸች አፈናም መደፈርም እንዳልነበረ ተናገረች። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ የተባለበትን ውሳኔ በግንቦት 2012 ሰረዘው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ለተሰበረ ሕይወት አሥር ዓመት ያህል የፈጀ ጥገና ነው፤ የዩኒቨርሲቲውንም ዕድል የመለሰለት የለም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከሳሿ ከመናገሯ በፊትና በኋላ ያለው ነገር ነው። ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የተማሪዎችን ደኅንነት አልጠበቀም ተብሎ ለእሷ ወገን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፍሎ ነበር። እውነቱን በይፋ ለዐቃቤ ሕግ ለመናገር ያመነታችው ይህን ገንዘብ መልሺ እንዳትባል ፈርታ ነበር። በስተመጨረሻ በወንጀል አልተከሰሰችም፤ ለማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል ተባለ። በ2013 ግን ያው መሥሪያ ቤት በፍትሐ ብሔር ከሷት 2.6 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት። ለማን? ገንዘብ ለከፈለው መሥሪያ ቤት። ውሸቱ ገንዘብ ያጎደለበት ወገን ዳኛ ፊት ቆሞ የራሱን አስፈረደ። ውሸቱ ወጣትነቱን የወሰደበት ሰው ስም በዚያ ፍርድ ውስጥ ተቀባይ ሆኖ አልተጻፈም። ይህን ሳነብ ያዘንሁትን ያህል በመጀመሪያው ፍርድ አላዘንሁም።

እዚህ ላይ ወደ አገሬ መመለሴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲያችን የጥፋተኝነት ድርድርን ለእኛም ሥርዓት አስተዋውቋል። መዝገብ ይቀንሳል፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ ተጎጂም ቶሎ ፍትሕ ያገኛል የሚለው ክርክር ውሃ የሚያነሳ ነው። ነገር ግን ብራያን ባንክስ ላይ የተፈረደው ተከራክሮ ተሸንፎ አይደለም፤ ተደራድሮ ነው። ከሳሿ በሙሉ ክርክር መስቀለኛ ጥያቄ ሳትጠየቅ፣ ቃሏም በችሎት ሳይመዘን ቀረ። ዋስትና ተከልክሎ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደራረበበት በማረሚያ ቤት የተቀመጠ ድሃ «እመን፣ ይቀልልሃል» ሲባል ምን እንደሚመርጥ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ድርድሩ ሥራ ላይ ሲውል ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በቂ ጊዜ ማግኘቱንና የከሳሹም ቃል ቢያንስ በአንድ ነጻ ማስረጃ መመዘኑን ዳኛው ራሱ ማረጋገጥ አለበት። ያለዚያ ሐሰተኛ ከሳሽ ከሁሉ የሚፈራውን ነገር፣ መጠየቅን፣ እኛው እናስቀርለታለን።

የአባቶቻችን ሙግት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ አላወድሰውም። ሌባ ሻይ የሚባለውን እናስታውስ። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መጠጥ ይሰጠውና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከሳሽ የለም፣ ምስክር የለም፣ ተጠያቂም የለም፤ ዕዳው ግን አለ። በሌላ በኩል ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት የሚሄዱበት ልማድ ነበር። ሙግት የገጠመ ሰው ማርም ይሁን በቅሎ ይወራረድ ነበር፤ ውርርዱ ወደ ዳኛ ኪስ መግባቱ ነውር ቢሆንም፣ የሰውን ስም ጠርቶ መክሰስ ዋጋ እንዳለው ሁሉም ያውቅ ነበር። ዛሬ ስም በሌለው ጥቆማ ሰው ሲያዝ ሳይ፣ ከሁለቱ የወረስነው ሌባ ሻይን ነው ወይ እላለሁ። ጥቆማ ምርመራ ሊያስጀምር ይችላል። ብቻውን ሰው ሊያሳስር ግን አይገባም።

ለሐሰተኛ ከሳሽ የሚገባው ቅጣት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከመካከላችን ብዙዎች የሚመልሱት ከኦሪት ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 19 ሐሰተኛ ምስክር በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው በራሱ ላይ ይድረስ ይላል። በመጽሐፍ ቅዱሷ የሶስና ታሪክም በሐሰት በዝሙት የከሰሷት ሁለቱ ሽማግሎች የተቀጡት እንዲሁ ነው። እኔ ግን ሶስናን ሳነብ ከቅጣቱ ይልቅ ከቅጣቱ በፊት የሆነው ይገርመኛል። ጉባኤው ፈርዶባት ወደ ሞት እየተወሰደች ነበር። ለምን አመኗቸው? ሽማግሎች ስለሆኑ፣ ደግሞም ዳኞች ስለሆኑ። ያዳናት ነቢዩ ዳንኤል ያደረገው ተአምር አይደለም። ሁለቱን ለያይቶ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ለየብቻ ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ማንኛውም መርማሪ ፖሊስ በግማሽ ቀን ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። ጉባኤው ይህን ቀድሞ ቢያደርግ ኖሮ ፍርዱም አይሰጥም ነበር።

ስለዚህ የተሳሳተ ፍርድ የአንድ ውሸታም ሥራ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ካርል ቢች የሚባል ሰው ታዋቂ ፖለቲከኞችንና የጦር አዛዦችን ሕፃናትን በመድፈርና በመግደል ከሰሰ። አንድ የፖሊስ ኃላፊ ምርመራው ሳያልቅ በ2014 ቃሉ ተአማኒና እውነት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። የ91 ዓመቱ የጦር መሪ ሎርድ ብራማል ቤታቸው ተበረበረ፤ ባለቤታቸው የእሳቸው ስም ሳይጸዳ አረፉ። በ2019 ቢች 18 ዓመት ተፈረደበት። ጉዳዩን የመረመሩት የቀድሞ ዳኛ በፖሊስ በኩል 43 ግድፈቶችን ቆጠሩ። ውሸታሙ ወህኒ ወረደ። ውሸቱን በማኅተም ያጸደቁትስ?

ይህን ሁሉ የምለው በከሳሾች ላይ ዱላ ለማንሳት እንዳይመስል እሰጋለሁ። የተደፈረች ሴት በአገራችን ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ የምትከፍለውን ዋጋ የማያውቅ ሰው ስለ ሐሰት ክስ ባይናገር ይሻላል። ተከሳሽ በነፃ ተሰናበተ ማለት ከሳሽ ዋሸች ማለት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ በበቂ ሁኔታ አላስረዳም ማለት ነው፤ ማስረጃ ጠፍቶ ይሆናል፣ ምስክር ፈርቶ ይሆናል፣ የሕክምና ምርመራው ዘግይቶ ይሆናል። ነፃ የወጣ ሁሉ ከሳሹን የሚያሳስር ከሆነ ከነገ ወዲያ አቤት የሚል ሰው አይኖርም። ሐሰተኛ ነው የሚባለውም ከሳሽ እንደማንኛውም ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው፤ አውቆ መዋሸቱም ያለ ጥርጣሬ መረጋገጥ አለበት።

አውቆ የሚለው ላይ አጥብቄ እቆማለሁ። በኖርዝ ካሮላይና በ1984 ጄኒፈር ቶምሰን የምትባል ተማሪ ተደፈረች። የደፈራት ሮናልድ ኮተን ነው ብላ ለየችው፣ በችሎትም መሰከረች፤ በሙሉ ልቧ አምና ነው። ኮተን ከአሥር ዓመት በላይ ታሰረ። በ1995 የዘረመል ምርመራ ሌላ ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተገናኙ፤ ይቅር አላት፤ አብረው መጽሐፍ ጻፉ፤ በፖሊስ የሚደረገው ተጠርጣሪን የመለየት አሠራር እንዲሻሻል አብረው ተናገሩ። ይህችን ሴት መቅጣት ማንን ይጠቅማል? የተሳሳተው ዓይኗ ነው፤ ስሕተቱን ማጥራት የነበረበት ደግሞ የምርመራው ሥርዓት ነበር። መሳሳትና መዋሸት በተከሳሹ ላይ አንድ ዓይነት ጉዳት ቢያደርሱም፣ አንድ ዓይነት ቅጣት አይገባቸውም።

አውቆ የዋሸውንም ሁሉ በአንድ ልክ መቅጣት አልደግፍም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በሐሰት መወንጀልንም በሐሰት መመስከርንም ወንጀል አድርጓል፤ የጎደለን ሕጉ አይመስለኝም። የጎደለን የልክ ነገር ነው። በመሬት ክርክር ጎረቤቱን ለማስወገድ ምስክር ገዝቶ ያስመሰከረ ሰው፣ ያ ጎረቤት በማረሚያ ቤት እያረጀ ዝም ብሎ መሬቱን ካረሰ፣ ያስፈረደውን ያህል ቢፈረድበት አይበዛበትም። ሁለት ሺህ ብር ተቀብሎ የመሰከረው ደሃ፣ ወይም በቤተሰብ ተገድዳ የተናገረች የ15 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመልሶ የመጣው አለ። ንጹሕ ሰው ከወህኒ የሚወጣበት አንዱ ዋና በር የዋሸው ሰው አፍ ነው። እውነቱን የተናገረ ዕለት ከዋሸበት ዕለት እኩል የሚቀጣ ከሆነ ያ አፍ አይከፈትም፤ የብራያን ባንክስ ከሳሽ ለገንዘብ ብላ እንዳመነታችው ሌላው ለነፍሱ ብሎ ያመነታል። ፍርድ ሳይሰጥ ለተመለሰ ትልቅ ቅናሽ፣ ከፍርድ በኋላ በራሱ ፈቃድ ለተመለሰ መጠነኛ ቅናሽ፣ ተይዞ ለካደ ሙሉ ቅጣት ይሁን። በሐሰት ለታሰረው ሰው ይህ ቅናሽ መራራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ገና በእስር ላለው ግን ተስፋው ነው።

የታሰረውን በተመለከተ ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 የፍትሕ መጓደል ደርሶበት ፍርዱ የተሻረለት ሰው በሕግ መሠረት ካሳ እንዲያገኝ ያዝዛል። ደሃውን የሐሰት ምስክር ከስሰህ ካሳ ተቀበል ማለት ባዶ ኪስ መበርበር ነው። ያሰረው መንግሥት ነው፤ መጀመሪያ መንግሥት ይክፈል፣ ከዚያ አቅም ካለው ውሸታም ያስመልስ። ገንዘቡ ብቻም አይበቃም። ሥራው፣ ጡረታው፣ የቀበሌ ቤቱ፣ የልጆቹ ትምህርት ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል።

የቀረው በዋሸው ሰው ላይ መዝገቡን ማን ይክፈተው የሚለው ነው። ሐሰተኛውን ምስክር ቆጥሮ፣ አስምሎ፣ ችሎት ያቆመው ዐቃቤ ሕግ ነው። ያንኑ ሰው ዋሽቷል ብሎ ለመክሰስ የራሱን መዝገብ ስሕተት ማመን ይኖርበታል፤ ሰው ነውና ይከብደዋል። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚመላለስ ሰው «ምስክር ይገዛል» ሲል የምንሰማው ገዢውም ሻጩም ሲጠየቁ ስለማያይ ነው። ችሎቱ በፍርዱ ውስጥ ይህ ምስክር አውቆ እንደዋሸ የሚያሳይ ነገር አግኝቻለሁ ብሎ ካሰፈረ፣ ጉዳዩ ምስክሩን ላላቀረበ ሌላ ዐቃቤ ሕግ ይመራ። ያ ዐቃቤ ሕግ አልከስም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ለችሎቱ ይመልስ፤ በሐሰት የታሰረውም ሰው የዚያን ጽሑፍ ግልባጭ በነፃ ያግኝ።