ከሰፈር ውጪ የሚወጣው ካህን፡ ወረርሽኝን የመከላከል መጽሐፍ ቅዱሳዊ ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን በቋራ ወረዳ በሚገኘው በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የኮሌራ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ፤ ፈውስ ፍለጋ ከሄዱት ምእመናን መካከልም ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። እንዲህ ያለው ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው «በተቀደሰ ስፍራ በሽታ እንዴት ይዛመታል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በሽታን ፈርቶ ከጉባኤ መራቅ የእምነት ማነስ አይደለምን?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የቋራ ብቻ አይደሉም። በብቸናና በሞጣ፣ በመላው ምሥራቅ ጎጃምም ሕዝቡ የሚገናኘው በቤተ ክርስቲያን፣ በጸበል፣ በሰንበቴ፣ በማኅበርና በለቅሶ ነው። ስለዚህ መልሱን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው።

መለየት የካህን ሥራ ነበር

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እና 14 የተጻፈው የለምጽ ሕግ የሕክምና መጽሐፍ አይደለም፤ የቅድስና ሕግ ነው። ይሁን እንጂ እግዚአብሔር ሕዝቡን በአካሉም ጭምር እንዴት እንደጠበቀ ያሳያል። በሕጉ መሠረት በቆዳው ላይ ምልክት የታየበት ሰው የሚቀርበው ወደ ካህኑ ነው። ካህኑም በጥርጣሬ ብቻ አይፈርድም፤ ምልክቱን ይመረምራል፤ ነገሩ ግልጽ ካልሆነ ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል። በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ አይቶት ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርለታል (ዘሌ. 13፥4-6)።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ቁም ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ መለየት በሐሜት ሳይሆን በምርመራ ይከናወናል። ሁለተኛ፣ መለየት የተቆረጠ ቀን አለው። ሦስተኛ፣ ሕጉ ለሰው ፊት አያዳላም። ንጉሡ ዖዝያን እንኳ ለምጽ በወጣበት ጊዜ እስከ ዕለተ ሞቱ በተለየ ቤት ተቀምጧል፤ መንግሥቱንም ልጁ ኢዮአታም አስተዳድሯል (2ዜና 26፥21)።

ሕዝቡ ማርያምን ጠበቀ

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የሕጉ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሕመምተኛው ከሰፈር ውጪ ከወጣ በኋላ አይጣልም። ካህኑ ራሱ ከሰፈር ውጪ ወጥቶ ያየዋል፤ ድኖ ካገኘው በሥርዓት አንጽቶ ወደ ሕዝቡ ይመልሰዋል (ዘሌ. 14፥3-8)። የሙሴ እኅት ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጪ ቆየች፤ ያ ሁሉ ሕዝብም እርሷ እስክትመለስ ድረስ ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም (ዘኁ. 12፥15)። ወደ ምድረ ርስት የሚጓዝ ሕዝብ ስለ አንዲት ሕመምተኛ ጉዞውን ገታ። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱሳዊው መለየት ሁለት ክንፍ አለው፤ ጤነኛውን መጠበቅና ሕመምተኛውን አለመርሳት። አንዱ ክንፍ ከተሰበረ ሥርዓቱ ሥርዓት መሆኑ ይቀራል።

ጌታችንም ይህን ሕግ አላቃለለም። ለምጻሙን በእጁ ዳስሶ ካነጻው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዝዞታል (ማቴ. 8፥2-4)። ዳሰሳው ሕመምተኛው ያልተናቀ መሆኑን ሲያስተምር፣ ትእዛዙ ደግሞ መመለስ በምስክርነትና በሥርዓት እንደሆነ ያስተምራል።

በሀገራችን ግን የመለየት ክንፍ ብቻውን ሲበርር ኖሯል። የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ወገኖቻችን የዘር በሽታ አለባቸው እየተባሉ ከጋብቻና ከማኅበር ዕድሜ ልካቸውን ተገፍተዋል። ዛሬ የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን ሲሆን ሕክምናውን በአግባቡ የጀመረ ሰውም በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። እንዲሁም ዛሬ በአማርኛ ለምጽ የምንለው የቆዳ መንጣት ፈጽሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የኦሪቱ ለምጽ ግን ልብስንና የቤት ግድግዳን ሳይቀር የሚጨምር ሰፊ ስም ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን ቃል ይዞ ቆዳው የነጣበትን ወንድም መሸሽ መጽሐፉን አለማወቅ ነው።

የጸበል ስፍራና የሰፈሩ ንጽሕና

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ኮሌራ የሚተላለፈው የሕመምተኛው ሰገራና ትውከት የነካውን ውኃ በመጠጣት ወይም ምግብ በመመገብ ነው። ብዙ ሕዝብ ለሳምንታት በሚሰፍርበት፣ መጸዳጃ በሌለበት ወይም በማይበቃበት ስፍራ የክረምት ጎርፍ ቆሻሻውን ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ ያወርደዋል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ስለ ጸበሉ ቅድስና አይደለም፤ በዙሪያው ስለ ሰፈርነው ስለ እኛ ነው።

ለዚህም ኦሪት ግልጽ ትእዛዝ አላት። እስራኤላዊው ለመጸዳዳት ከሰፈር ውጪ እንዲወጣ፣ መቆፈሪያ እንዲይዝና የወጣውን በአፈር እንዲሸፍን ታዝዟል። የተሰጠው ምክንያትም እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል የሚመላለስ ስለሆነ ሰፈሩ የተቀደሰ ይሁን የሚል ነው (ዘዳ. 23፥12-14)። ከዚህ የተነሣ በጸበል አካባቢ መጸዳጃ ቤት መቆፈር የጤና ቢሮ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ስፍራውን የማክበር አንዱ ክፍል ነው። የሰበካ ጉባኤ ለአጥርና ለጉልላት እንደሚያስብ ሁሉ ለመጸዳጃ፣ ለእጅ መታጠቢያና ለንጹሕ መጠጥ ውኃም ሊያስብ ይገባዋል። ተቅማጥና ትውከት የጀመረውን ጸበልተኛ ደግሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) በንጹሕ ውኃ በጥብጦ እያጠጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ይገድላልና።

ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ቤተ ክርስቲያናችን አስተምራለች። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተገኘ መሆኑን እንድናውቅ ይመክራል።

በአብነት ትምህርት ቤት

ደብረ ዲማ ጊዮርጊስንና ሞጣ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ አድባራት የሊቃውንት መፍለቂያ ናቸው። የአብነት ተማሪ ግን በጠባብ ጎጆ ተጠጋግቶ ያድራል፤ ልብስና ደበሎ ይዋዋሳል። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል በስፋት የታየው የእከክ ወረርሽኝ እንዲህ ባለ አኗኗር ውስጥ በቀላሉ ይዛመታል። እከክ አንዱን ተማሪ ብቻ በማከም አይጠፋም፤ በጎጆው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም፣ ልብሳቸውና መኝታቸውም መታጠብ አለበት። ኦሪትም ልብስን ሳይቀር ታስመረምራለች፤ ታሳጥባለች፤ ሰባት ቀን ለይታ ታስቀምጣለች፤ ዳግመኛም ታሳጥባለች (ዘሌ. 13፥50-58)። መምህሩ ይህን ቢያዝዝ ከሚያስተምረው መጽሐፍ ያልወጣ ሥራ ሠራ እንጂ ዘመናዊነትን አስገባ አይባልም።

ያለፍንበት ትምህርት

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈር እየተጠረገ ቆሻሻው መቃጠሉ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላም ከውጭ የገቡ መንገደኞች 14 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ብዙ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው አከበሩ፤ ካህናቱ ግን የቅዳሴውን አገልግሎት አላቋረጡም። ያ ጊዜ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ከጉባኤ ለጊዜው መለየት ከቤተ ክርስቲያን መለየት እንዳልሆነ አስተምሮናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መለየት ዋጋ ያስከፍላል። በብቸና ዙሪያ ያለ ገበሬ በጤፍ ዘር ወቅት ሁለት ሳምንት ከቤቱ ካልወጣ የዓመት ቀለቡን ሊያጣ ይችላል። ልጆቹ የሚራቡበትን ሰው «ቤትህ ተቀመጥ» ብሎ መምከር ብቻውን ምክር አይሆንም። ስለዚህ ደቦ የሚያወጣው፣ ማሳውን የሚዘራለት፣ ምግቡን በር ላይ አድርሶ የሚመለስ ጎረቤት ያስፈልገዋል። ይህን ለማስተባበር ከሰንበቴና ከጽዋ ማኅበር የተሻለ ማን አለ? በማርያም ዘመን ጉዞውን የገታው ሕዝብ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ካህናት አባቶቻችንም ብዙ ማድረግ ይችላሉ። የንስሐ አባት የታመመ ልጁን ከማኅበርና ከሰንበቴ እንዲቀር ቢያዝዘው መቅረቱ በምእመኑ ዘንድ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ መታዘዝ ይታያል። በኮሌራ ያረፈ ሰው ሲኖር የግነዛው ጸሎት ሳይጎድል፣ አስከሬኑን የሚነኩት ጓንት አድርገውና የጤና ባለሙያ ምክር ተቀብለው እንዲሠሩ፣ የለቅሶው መስተንግዶም ለጊዜው እንዲቀር ቢናገሩ ቤተሰቡ ከመታማት ይድናል። አስከሬን የነካ ሰው ሰባት ቀን እንዲቆይና እንዲታጠብ ኦሪት ማዘዟንም ማስታወስ ይገባል (ዘኁ. 19፥11-12)።

ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ የጠቀሰው የመጽሐፍ ቃል ነበር፤ ጌታ ግን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)። ያ ፈተና የቀረበው በቅዱስ ስፍራ እንደነበር ልብ እንበል። በተቀደሰ ስፍራ ላይ ቆሞ ራስንና ወንድምን ለአደጋ መጣል እምነት አይባልም። የታመመው እስኪሻለው በፈቃዱ ቢቀር፣ ጤነኛውም የእርሱን ሸክም ቢሸከምለት፣ ካህኑም ከሰፈር ውጪ ወጥቶ ቢጠይቀው፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሰፈር ያን ጊዜ የተቀደሰ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።