ቦርዱ ልኩን ይናገር

ባለፈው ክረምት ሳሪስ ወዳለችው የጥገና ሱቄ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስክሪን የተገጠመለት ትንሽ ቦርድ ይዞ መጣ። ለመመረቂያ ሥራው ሊኑክስ ጭኖበታል። «ጋሼ፣ ፓወር አይሲው ሞቷል አሉኝ፤ ሁለት ቦታ አሳይቼዋለሁ» አለኝ።

ሰካሁት። በራ፤ ጽሑፉ ወረደ፤ ከዚያ ድርግም አለ። ደግሜ ሰካሁት፤ በራ፣ ጠፋ። በሦስተኛው ሰዓቴን ያዝኩ። ሁልጊዜም ከተነሳ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። የሞተ አይሲ ደግሞ ሰዓት አይቆጥርም። ቴስተሬን ስክሪኑን በሚመግበው መስመር ላይ አሳረፍኩ፤ 3.3 ቮልት ሲያሳይ ቆይቶ ጊዜው ሲደርስ ወደ ዜሮ ወረደ። አይሲው ጤነኛ ነው፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ያዘዘው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ነው። በፓወር አይሲ ውስጥ ሬጉሌተር የምንላቸው ብዙ መቆጣጠሪያዎች አሉ፤ ለአንዱ ክፍል 1.8፣ ለሌላው 3.3 ቮልት ያድላሉ። አይሲው ከዚያ በላይም ሆነ በታች መስጠት ይችል ይሆናል፤ የሚቀበለው ዕቃ ግን አይችለውም። ይህን ከርነሉ ከራሱ አውጥቶ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ዲቫይስ ትሪ በሚባል ፋይል ይነገረዋል፦ የዚህ መስመር ትንሹ ይህን ያህል፣ ትልቁ ይህን ያህል፣ የሚመግበውም እገሌን። ቁጥሩ በማይክሮቮልት ስለሆነ 1.8 ቮልት 1800000 ተብሎ ይጻፋል።

ሊኑክስ ሬጉሌተሮችን የሚያስተዳድርበት ክፍል የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ጠባዩም ጥንቁቅ ነው። ገደቡ ካልተጻፈለት ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ አያደርግም። ተጠቃሚ ያልተጻፈለትን መስመር ደግሞ ከተነሳ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቆ፣ የሚፈልገው የለም ብሎ ያጠፋዋል። ልጁ ከሌላ ቦርድ በቀዳው ፋይል ላይ ስክሪኑ ከየትኛው መስመር እንደሚመገብ የሚናገር ቃል አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት ቦርዱ ሲሸጥ ይዞት ከመጣው አንድሮይድ ውስጥ ነው። የእሱን ዲቫይስ ትሪ አውጥቼ ወደሚነበብ ጽሑፍ መለስኩት፤ የስክሪኑ መስመር እዚያ ሰፍሯል። ወደ ልጁ ፋይል ቀዳሁት፤ ስክሪኑ በርቶ አደረ። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ፤ የተጨመረው ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

ራሴንም ልውቀስ። ከዓመታት በፊት፣ በግምት በምሠራበት ዘመን፣ በ1.8ቱ መስመር ላይ 3300000 ጽፌ የደንበኛ ቦርድ አቃጥያለሁ። ከርነሉ አልተጠራጠረኝም፤ የጻፍኩትን ፈጸመ። ሽታው ከሱቁ ሳይወጣ ሌላ ቦርድ ገዝቼ ተካሁ። ገደብ የሚጻፈው ቦርዱን በሠራው ሰው እንጂ በጠጋኝ ግምት እንዳልሆነ የተማርኩት በዚያ ቀን ነው።

ክርክሬም ይኸው ነው። ሊኑክስ የሚወጣበት ፈቃድ፣ ጂፒኤል ሁለት፣ ከርነሉን በዕቃው ውስጥ አድርጎ የሚያሰራጭ ሁሉ ምንጭ ኮዱን ለተቀባዩ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እኔ ጋ የሚመጡት ታብሌቶችና የቲቪ ቦክሶች ግን አብዛኞቹ ካርቶንና የዋስትና ወረቀት እንጂ ሌላ ይዘው አይመጡም። ሻጩን ምንጭ ኮዱንና ዲቫይስ ትሪውን ስጠይቀው «የምን ፋይል?» ይለኛል። አልፈርድበትም፤ ከዚያ በፊት የጠየቀው የለምና።

ምስጢራችን ይወጣል የሚሉ አምራቾች አሉ። የትኛው ምስጢር? የተጠናቀረው ዲቫይስ ትሪ በያንዳንዱ ዕቃ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል፤ እኔም በአሮጌ ላፕቶፕ አውጥቼዋለሁ። ተወዳዳሪ ፋብሪካማ ከእኔ ቀድሞ ያወጣዋል። የተደበቀው ከጠጋኙና ከተማሪው ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን የሚደብቀው ሌላ፣ የሚታመመው ሌላ ነው።

ስለዚህ ታብሌት በብዛት የሚገዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ የከርነሉ ምንጭ ኮድና የቦርዱ ዲቫይስ ትሪ አብሮ ይቅረብ። አስመጪውም ፋይሉን ከአምራቹ ተቀብሎ ለጠየቀው ይስጥ። እኛ ጠጋኞች ደግሞ የለካነውን በልባችን ይዘን አንቅር።

ሳሪስ ያለችበት አካባቢ ነፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ ከሩቅ በሚያነጋግረው መሣሪያ ነው። እዚሁ ሰፈር ተቀምጬ እጄ ላይ ያለ ቦርድ ሊያናግረኝ አለመቻሉ ያሳፍረኛል።

ልጁ ሊሄድ ሲል ሒሳብ ጠየቀኝ። ያስከፈልኩት የሦስት ቀኑን አይደለም፤ የለካነውን ቮልቴጅ ሁሉ፣ ከነመስመሩ፣ በደብተሬ ላይ በእጁ እንዲጽፍልኝ አደረግሁ። ከ1800000 ላይ አንዷን ዜሮ ረስቶ ነበር። ቆጥረን ጨመርናት።