ልግስናና ይሉኝታ

ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ ለሚኖር ሐበሻ ከጥንት ፈላስፎች ሁሉ የሚቀርበው አሪስቶትል ነው ብል የሚገረም ይኖራል። ሰውየው ግን ስደተኛ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ስታጊራ ተወልዶ በ17 ዓመቱ አቴና ገባ። ዜጋ ስላልነበረ በከተማዋ ጉባኤ ድምፅ አልነበረውም፤ መሬት መግዛትም አይፈቀድለትም። በ323 ታላቁ እስክንድር ሞቶ አቴናውያን እንደ እሱ ባሉ የመቄዶንያ ወዳጆች ላይ ሲነሡ ከተማዋን ጥሎ ወጣ፤ በዓመቱ ካልኪስ ላይ ሞተ።

ከትምህርቱ በብዛት የሚታወቀው “መካከለኛውን ያዝ” የሚለው ነው፤ ይህም ለእኛ ጆሮ መሃል ሰፋሪነት ይመስላል። እሱ ያለው ሌላ ነው። ለአንድ ስፖርተኛ አሥር ምና (የጥንት ግሪኮች ክብደት መለኪያ ነው) ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ለሁሉም ስድስት ይስጥ ማለት አይደለም። ስድስት ለዝነኛው ትግለኛ ለሚሎ ጥቂት፣ ለጀማሪ ብዙ ነው። ልኩ እንደ ሰውየው፣ እንደ ጊዜውና እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

ይህን ወደ ሐዋላ እናምጣው። “የኒቆማከስ ሥነ ምግባር” የተባለው መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ልግስና በሰጪው አቅም እንጂ በስጦታው ብዛት አይለካም ይላል። የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አዲሱ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ለጋስ ሰው ለመጣው ሁሉ አይሰጥም፣ ንብረቱንም ቸል አይልም፤ ለሚገባው ሰው በሚገባው ሰዓት የሚሰጠው እንዲኖረው ነዋ። እየከፋው የሚሰጥ ደግሞ ጭራሽ ለጋስ አይባልም።

እንግዲህ ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረውን ሰው አስቡት። የቤት ኪራይ ቀኑ ደርሷል፤ ከአዲስ አበባ ይደወላል። አንድ ቀን ለአክስት መታከሚያ፣ ሌላ ቀን ለአጎት ልጅ ሠርግ። በክሬዲት ካርድ ተበድሮ ይልካል። ብዙ ጊዜ እጁን የሚዘረጋው ልግስና ሳይሆን ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። አክስት ትታከማለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የላኪው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። አሪስቶትል እንደሚለው ባሕርይ የሚሠራው በድግግሞሽ ከሆነ፣ በቅሬታ መስጠት ሲደጋገም የሚያለምደው ልግስናን ሳይሆን ቅሬታን ነው። እምቢ ማለትም ከልግስና ሊቆጠር የሚችለው ለዚህ ነው።

የግሪኮች ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመው “መጽሐፈ ፈላስፋ” ሶቅራጥስንና አፍላጦንን እየጠቀሰ ይመክራል፤ የፍልስፍና ተመራማሪው ክሎድ ሰምነርም በ1974 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝኛ አንባቢ አቅርቦታል። ችግሩ ምክሩ ከክርክሩ ተነጥሎ መድረሱ ነው። “አትሰስት” የሚል አባባል ለማን፣ ስንት፣ መቼ ለሚለው መልስ የለውም።

አሪስቶትልንም ቢሆን እስከ ጥግ አልከተለውም። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ፋታ ስለሌለው ለበጎ ሕይወት አይበቃም ይላል፤ ፓርኪንግ ውስጥ በሁለት ፈረቃ እየሠራ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ለዚህ በቂ መልስ ነው። ሆኖም ከ“የኒቆማከስ ሥነ ምግባር” አሥር ክፍሎች ሁለቱን ለወዳጅነት መስጠቱ ልክ ነው። ወዳጅ ማለት አሳብ የሚጋሩት እንጂ እንደ ከብት አንድ መስክ ላይ አብረው የሚግጡት አይደለም። እኛስ? ኮረብታውን ተሻግረን፣ የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በ2002 “ሊትል ኢትዮጵያ” ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ቡና ላይ ስንገናኝ የአገር ቤት ፖለቲካ ይነሣል፣ የቤት ዋጋ ይነሣል። ማን ስንት እየላከ ስንት ዕዳ እንዳለበት አይነሣም።

“ስንት ልስጥ?” የሚለውን ጥያቄ ዕድር በራሱ መንገድ ፈትቶታል። መዋጮው በደንብ የተወሰነ፣ ለሁሉም እኩል ነው። የአሠልጣኙ ስድስት ምና መሆኑ ነው፤ አሪስቶትል ባይወደውም ይሉኝታን ደጅ ያስቀራል። ለሐዋላ ግን ደንብ የጻፈ የለም። አንዳንድ እህትና ወንድም ዓመቱ ሲገባ ቁጭ ብለው ለማን ስንት እንደሚልኩ ይመድባሉ፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቁ የለንም ይላሉ። አገር ቤት “ተለወጡ” ይባላሉ፤ የመደቡትን ግን ሳይከፋቸው ይልካሉ።