የተጫረ ሰዓት ነውር ነውን?

በማንቡክ የሚያገለግሉ ወጣት ሠራተኞች ደመወዝ በወጣ ሰሞን ከሚያነሷቸው ጨዋታዎች አንዱ የእጅ ሰዓት ነው። የማን ሰዓት ውሃ ያስገባል፣ የማንስ ማሰሪያ ይጠቁራል ሲባባሉ ያመሻሉ። ከመካከላቸው አንዱ ገና ሦስት ወር ያልሞላው ሰዓቱ በጭረት ተሸፍኖ ያየው እንደሆነ፣ የተጫረው ስሙ ይመስል ያዝናል። ከዚያ ወዲያ ምክር ይዘንብለታል። አንደኛው በአመድ እሸው ይላል፤ ሁለተኛው የጥርስ ሳሙና ያመጣል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ለድስት ማጠቢያ በሚሆነው አረንጓዴ ሻካራ ስፖንጅ ሥራውን ይጀምርለታል።

እኔ በበኩሌ በማይዝግ ብረት ሰዓት ላይ የሚታየው አብዛኛው ጭረት እንዳለ መተው አለበት ባይ ነኝ። ሐሳቡ የስንፍና ጠበቃ ሊያስመስለኝ ይችላልና ምክንያቴን ልናገር።

የማይዝግ ብረት ሃሪ ብሪርሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ከተማ ከሠራው ወዲህ ስሙ የገነነ ነው። በውስጡ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም አለበት። ይህ ክሮሚየም ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ቢጫር፣ አየር እንዳገኘ ወዲያው ራሱን መልሶ ይሸፍናል። ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ያለ ጭረት ዝገት ያስገባልና ሰዎች ስለ ሰዓታቸውም እንደዚያው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ ነው፤ በዚህ ብረት ላይ ያለ ጭረት ለዓይን ካልሆነ በቀር ለምንም አይከፋም።

ለመሆኑ ሰዓቱን ማን ጫረው? የመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የራሱ ድርሻ አለው፤ የሞተር ብስክሌቱም እንዲሁ። ነገር ግን የበጋው አቧራ ከሁሉም ይብሳል። በአቧራው ውስጥ ኳርትዝ ከተባለው ነጭ ድንጋይ የተፈጨ ደቃቅ አሸዋ ይገኛል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ይህን ድንጋይ ከማናችንም ይልቅ ያውቁታል፤ ወርቁ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ይገኛልና። ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ኳርትዝ 7 ነው፤ የሰዓት ብረት ደግሞ ከኳርትዝ ይለሰልሳል። እንግዲህ ወጣቱ ሹም ሰዓቴ አቧራ ለበሰ ብሎ በሸሚዙ እጅጌ ወልወል ባደረገው ቁጥር በገዛ እጁ እየሞረደው ነው። ይልቅስ ሰዓቱ ውሃ የማያስገባ ዓይነት ከሆነ፣ ቁልፉ በደንብ መግባቱን አይቶ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጥቦ አሸዋውን ቢያወጣለት ኖሮ ከጭረቱ ብዙው አይኖርም ነበር።

የምሠጋው ግን ስለ መወልወሉ ነው። ብዙ ሰው መወልወል ማለት ጭረቱን መድፈን ይመስለዋል። ጭረት በመወልወል አይደፈንም፤ በዙሪያው ያለው ብረት እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ተገፍፎ እንዲወርድ ይደረጋል እንጂ። ጭረቱ በጠለቀ መጠን የሚገፈፈው ብረት ይበዛል። ሹል የነበረው ጠርዝ ይዶለዱማል፤ ማሰሪያው የሚያያዝበት ጆሮ ይሳሳል፤ የተገፈፈውም አይመለስም። በውጭ አገር በሌዘር ብረት አቅልጠው ጥልቁን ጭረት የሚሞሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን የእነርሱ ዋጋ ለእኛ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም።

በማንቡክ የማውቀው አንድ የጤና ባለሙያ አለ። አባቱ መምህር ነበሩ፤ በጡረታ ሲሰናበቱ ባልደረቦቻቸው ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰዓት ሸለሟቸው፤ በጀርባውም ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን አስቀረጹበት። ልጁ ሥራ ሲይዝ አባት ሰዓቱን አወረሱት። እርሱም ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ሠሪ ሰጥቶ «አዲስ አስመስልልኝ» አለው። ሰዓት ሠሪው እንደ ታዘዘው በሞተር ወልውሎ መስተዋት አስመስሎ መለሰለት። በጀርባው የነበረው ጽሕፈት ግን ጠፍቷል፤ እንዲህ ያለ ቅርጽ በጥልቀት የሚገባ አይደለምና የሚወለውለው መንኰራኵር ጠራርጎ ወስዶታል። ሽማግሌው ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ሰዓቱን ገልብጠው አዩና «ጽሕፈቱስ ልጄ?» አሉ። «ሲወለወል ጠፋ አባባ» አላቸው። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ሰዓቱን መልሰው ሰጡት። ጠጋኙን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። አዲስ ማስመሰል ማለት በሰዓቱ ላይ ያለፈውን ሁሉ መፋቅ መሆኑን ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ነገሩ በትልልቆቹም ቤት ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በጄኔቫ ለጨረታ አሰናድቶ ነበር፤ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ሳይሸጥ ቀረ። እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን የሚመረምሩ ሰዎች አስቀድመው ከሚያዩት ነገር አንዱ ጠርዙ እንደ ጥንቱ ሹል መሆኑን፣ ምልክቱም አለመፋቁን ነው። ብዙ የተወለወለው ዋጋው ይወርዳል።

«ሹም በሰዓቱ ይታያል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ይታይ እንጂ! ነገር ግን ሰዓቱ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ፣ ባለጉዳዩ ግን ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሹም መኖሩንም እናውቃለን። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው፣ በዚሁ በመተከል ምድር ባለው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲያልፉ አብሯቸው የነበረው ኦርድ ዊንጌት፣ ያ ስሙን በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የምናውቀው መኮንን፣ የሚደወል የማንቂያ ሰዓት በክንዱ ላይ አሥሮ ይዞር ነበር እየተባለ ይወራል። መልኩን ማንም አላደነቀለትም፤ ሲደወል ግን ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር።

ይህም ሆኖ ዓይኔን አስቸገረኝ ለሚል ሰው መንገዱ አይዘጋም። አስቀድሞ ሰዓቱን ገልብጦ ጀርባውን ያንብብ። «ስቴንለስ ስቲል ባክ» የሚል ከሆነ የማይዝገው ጀርባው ብቻ ነው፤ ቀሪው አካል ብዙ ጊዜ በስስ ሽፋን የተለበጠ ሌላ ብረት ስለሚሆን፣ ቢፈትጉት ልባጡ ተልጦ የውስጡ ቢጫ ብቅ ይላል። ጥቁር ወይም ወርቃማ ሽፋን ያለውም እንዲሁ አይነካም። መላ አካሉ የማይዝግ ብረት ከሆነ ደግሞ ገጹን ይመልከት። እንደ መስተዋት የሚያበራው ገጽ በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት የመወልወያ ቅባት ቀስ ተብሎ ቢታሽ የፀጉር ያህሉ ጭረት ይጠፋለታል። ቀጫጭን መስመር ያለበት ደብዛዛ ገጽ ግን ቅባት አይወድም፤ እጅግ በላመ የብርጭቆ ወረቀት፣ መስመሩ በሄደበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሳይጫኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ ይበቃዋል። ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት አንዱን ጭረት መቶ ያደርገዋል። በሁለቱ ገጾች ድንበር ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይገባል። የጥርስ ሳሙናውም ቦታ አለው፤ መስተዋቱ ከፕላስቲክ የተሠራ የድሮ ሰዓት ከሆነ ያጠራዋል፤ እውነተኛ መስተዋት ላይ ግን ድካም ብቻ ነው።

በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዘውን ጥልቅ ጭረት በቤት አይነኩትም። ሰዓቱን ወደ ጠጋኝ የሚወስድ ሰውም ውስጡ እንዲታጠብ፣ ውሃ የሚከለክለው ጎማ እንዲለወጥ ይዘዝ፤ «አካሉን እንዳትወለውለው» የሚለውንም ከሰዓቱ ጋር በወረቀት ጽፎ ይስጥ።